ቁልቁለት ሲወርዱ የሚወጣ መስመር

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ጣርማ በር ላይ ሲደርስ ከባሕር ጠለል ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን በስተው ባወጡት ዋሻ ካለፈ በኋላ ቁልቁለቱ ይጀምራል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው 1300 ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት ጋቢ ደርቦ የተነሣው ሰው እዚያ ሸሚዙም ይከብደዋል።

ይህን ጉዞ በሁለት ወረቀት ላይ እንሳለው። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ የመንገዱን ከፍታ እንሳል። መስመሩ ከጣርማ በር ተነሥቶ ወደ ታች ይወርዳል። በሁለተኛው ወረቀት ላይ መኪናው ከደብረ ብርሃን ምን ያህል እንደራቀ፣ ሰዓቱን እየተከተልን እንሳል። ይህኛው መስመር ከመነሻው እስከ መድረሻው ወደ ላይ ይወጣል፤ መኪናው ገደሉን ታክኮ ቁልቁል ሲወርድ እንኳ መስመሩ ሽቅብ ነው። መኪናውም መንገዱም አንድ ሆኖ ሳለ የአንዱ ወረቀት መስመር ይወርዳል፣ የሌላው ይወጣል።

የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ሁለተኛው ወረቀት ነው። የርቀትና የጊዜ ግራፍ የመንገድ ሥዕል አይደለም። ይህን የጨበጠ አንባቢ የቀረውን ሁሉ ደረጃ በደረጃ ራሱ ይደርስበታል። ይህን ያልጨበጠ ግን ቀመሩን እንደ ዳዊት ቢደግመውም ግራፍ በቀረበለት ቁጥር ተራራ ያያል። ችግሩ የአንድ አገር ተማሪ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር የነበሩት ሊሊያን ማክደርሞትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት ሁለት ስሕተቶች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው የግራፉን ቅርጽ ከተንቀሳቃሹ አካል መንገድ ጋር ማምታታት ነው። ሁለተኛው የመስመሩን ተዳፋት ማየት ሲገባ ከፍታውን ማየት ነው። የተጠኑትም ዩኒቨርሲቲ የገቡ ተማሪዎች ነበሩ። በአንኮበር ሽቅብና ቁልቁለት ላይ ላደገ ልጅ ደግሞ ፈተናው ይበረታል። ከጎረቤላ ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ሲያይ የኖረ ዓይን፣ ወረቀት ላይ ዘንበል ያለ መስመር ሲያገኝ መጀመሪያ የሚታየው ዳገት ነው።

ስለዚህ መስመሩን ከማየታችን በፊት ሁለቱን ዘንጎች እናንብብ። ከግራ ወደ ቀኝ የተዘረጋው አግድም ዘንግ ጊዜ ነው። ጊዜ አይቆምም፣ ወደ ኋላም አይመለስም፤ ስለዚህ መኪናው ቢሄድም ቢቆምም እርሳሳችን ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ትጓዛለች። ከታች ወደ ላይ የቆመው ዘንግ ደግሞ ከመነሻው ያለው ርቀት ነው። በዚህ ግራፍ ላይ “ላይ” ማለት ከደብረ ብርሃን “ሩቅ” ማለት እንጂ “ከፍ ያለ ቦታ” ማለት አይደለም።

አሁን አንድ ሚኒባስ ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ ወደ አንኮበር እናስነሣ። መንገዱ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። ሰዓቶቹን ለስሌት እንዲመቹ አድርጌ መርጫቸዋለሁ። ሚኒባሱ ጠዋት 2፡00 ሰዓት ተነሣ እንበል። 2፡20 ላይ 16ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ደረሰ። እዚያ ረዳቱ ጭነት ሲያወርድና ተሳፋሪ ሲያስገባ 10 ደቂቃ ቆመ። 2፡30 ላይ እንደገና ተንቀሳቅሶ የቀረውን 24 ኪሎ ሜትር በ40 ደቂቃ ጨረሰና 3፡10 ላይ አንኮበር ገባ።

ግራፉ ሦስት ቁራጭ መስመር ይሆናል። የመጀመሪያው ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ በሲሶ ሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ማለት በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለተኛው አግድም የተኛ ነው፤ 10 ደቂቃ አለፈ፣ ርቀቱ ግን ያው 16 ኪሎ ሜትር ነው። ሦስተኛው እንደገና ይወጣል፣ ነገር ግን ከመጀመሪያው ይልቅ ዘንበል ይላል። በሁለት ሦስተኛ ሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ማለት በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ነውና። ሦስተኛው ቁራጭ ከሁሉም በላይ ተሰቅሏል፣ ከሁሉም ረጅም ነው፣ ፍጥነቱ ግን ከመጀመሪያው ያንሳል። ፍጥነትን የሚነግረን መስመሩ ያለበት ከፍታ ሳይሆን አወጣጡ ነው። ይህን ሂሳብ ተዳፋት እንለዋለን፤ የርቀቱን ለውጥ ለፈጀው ጊዜ ማካፈል ነው።

የተኛውን መስመር ሳየው ብዙ ተማሪ የሚለው ትዝ ይለኛል፤ “ሜዳ ላይ እየሄደ ነው” ይላል። የሰላ ድንጋይን ሜዳ ወይም ከሸኖ እስከ ጫጫ ያለውን ለጥ ያለ አገር ለሚያውቅ ሰው መልሱ የሚያሳምን ይመስላል። መኪናው ግን ቆሟል። በሜዳ ላይ የሚበር መኪና መስመር ከሁሉም ይልቅ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ነው፤ ሾፌሩ እዚያ ነው ነዳጅ የሚሰጠው። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ከጣርማ በር በታች ከባድ መኪና በከባድ ማርሽ፣ በሰዓት 15 ወይም 20 ኪሎ ሜትር እየተንፏቀቀ ሲወርድ መስመሩ ለመተኛት ምንም አይቀረውም። በሰሜን ሸዋ ምድር ላይ እጅግ ገደላማ የሆነው ቦታ፣ በግራፉ ላይ እጅግ የተለሳለሰው ቦታ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ሚኒባሱ ከአንኮበር ሲመለስስ? ቋሚው ዘንግ “ከደብረ ብርሃን ያለው ርቀት” ከሆነ መስመሩ ከ40 ተነሥቶ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ይህ የወረደ መስመር ቁልቁለትን አያሳይም፣ ፍጥነት መቀነስንም አያሳይም፤ ወደ መነሻው መቅረብን ብቻ ያሳያል። ቋሚው ዘንግ “በጠቅላላው የተነዳ ኪሎ ሜትር” ቢሆን ግን፣ ዳሽቦርዱ ላይ የሚቆጥረው ቁጥር መቼም አይቀንስምና መስመሩ በመልስ ጉዞም መውጣቱን ይቀጥላል፤ ማታ ደብረ ብርሃን ሲገባ አንዱ ግራፍ ዜሮ ሲል ሌላው 80 ይላል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ቋሚው ዘንግ ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ ግራፍ መተርጎም የማይቻለው ለዚህ ነው።

በዚያው ጠዋት አንድ ነጋዴ በሰጋር በቅሎ ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን ይመጣል እንበል። 12፡15 ላይ ተነሥቷል፣ በቅሎዋ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ትሰግራለች። የእርሱ መስመር ከ40 ተነሥቶ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ የሚኒባሱ መስመር ከዜሮ ተነሥቶ ይወጣል። ሁለቱ መስመሮች የሚቋረጡበት ነጥብ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይነግረናል፤ የት እንደተገናኙና መቼ እንደተገናኙ። 2፡45 ላይ ነጋዴው ለሁለት ሰዓት ተኩል ተጉዞ 15 ኪሎ ሜትር ሄዷል፣ ስለዚህ ከደብረ ብርሃን 25 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ሚኒባሱም ከቆመበት ከተነሣ ሩብ ሰዓት ሆኖታል፤ 16 ላይ 9 ሲደመር 25 ነው። እዚያ ይተላለፋሉ። በባቡር አገሮች የጉዞ መርሐ ግብር አውጪዎች ከ19ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ይህንኑ ሲሠሩበት ኖረዋል። በነጠላ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉበትን ጣቢያ የሚመርጡት የሁለት መስመሮች መቋረጫን በወረቀት ላይ እያዩ ነበር።

እስካሁን መስመሮቻችን ቀጥ ያሉ ነበሩ፤ እውነተኛ መኪና ግን በአንድ አፍታ ከዜሮ ወደ 48 አይዘልም። ከመናኸሪያው ሲወጣ መስመሩ ከመተኛት ቀስ በቀስ እየቀና ይመጣል፣ ሊቆም ሲል ደግሞ ቀስ በቀስ ይተኛል። ቀጥ ብሎ እንደ ምሰሶ የቆመ መስመር ግን በየትኛውም ጉዞ ላይ አይገኝም፤ አንድ መኪና በአንድ ቅጽበት በብዙ ቦታ ነበረ ማለት ይሆናልና።

አሁን ከመኪና ወደ ሯጭ እንሻገር። ጫጫ የደብረ ብርሃን ጎረቤት ናት። የጫጫዋ ልጅ ጌጤ ዋሚ ነሐሴ 20 ቀን 1991 ዓ.ም. በስፔን ሴቪያ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችው በ30 ደቂቃ ከ24.56 ሰከንድ ነበር። እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ውድድሩን አብዛኛውን መንገድ ስትመራ ቆይታ በ30፡27.13 ሁለተኛ ሆነች። የጌጤ አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 5.48 ሜትር ነው፤ በሰዓት ወደ 19.7 ኪሎ ሜትር። የራድክሊፍ 5.47 ነው። ከ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ በኋላ የወርቁና የብሩ ልዩነት 2.57 ሰከንድ፣ በአማካይ ፍጥነታቸው ሲሰላ 14 ሜትር ነበር።

ይህን ውድድር 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት ባለው የርቀት ግራፍ ላይ ብንስለው 14 ሜትሩ ስንት ይሆናል? ከ0.3 ሚሊ ሜትር በታች። የእርሳስ ጫፍ ከዚያ ይወፍራል። ሁለቱ ሯጮች በወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ይሆናሉ፤ ያ ሁሉ ትንፋሽ፣ ያ የመጨረሻ ዙር፣ በእርሳሱ ውፍረት ውስጥ ይጠፋል። ግራፉ አልዋሸም፤ የተጠየቀው ርቀትን ስለሆነ ርቀትን ነገረን። ውድድሩ የተወሰነው ግን በርቀት ሳይሆን በፍጥነት ለውጥ ነው። እርሱን ለማየት ቋሚውን ዘንግ መለወጥ አለብን።

ቋሚው ዘንግ ፍጥነት ይሁን። ለምሳሌ አንዷ ሯጭ የመጨረሻውን 400 ሜትር በ62 ሰከንድ፣ ሌላዋ በ65 ሰከንድ ጨረሰች እንበል። የመጀመሪያዋ ፍጥነት በሰከንድ 6.45 ሜትር፣ የሁለተኛዋ 6.15 ይሆናል። ለአንድ ሜትር በሰከንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ብንመድብ ልዩነቱ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ማንም ያየዋል። በርቀት ግራፉ ላይ የተደበቀው ፍልሚያ እዚህ ተገልጦ ይታያል።

ጌጤን ሳልለቅ አንድ ነገር ልጨምር፤ የምዕራፉን ነገር ከእርሷ ሁለት ማራቶኖች የበለጠ የሚያስረዳ አላገኘሁም። መስከረም 19 ቀን 2000 ዓ.ም. በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አሸነፈች። በ35ኛው ቀን፣ ጥቅምት 24፣ ኒው ዮርክ ላይ በ2፡23፡32 ከራድክሊፍ ቀጥላ ሁለተኛ ወጣች። የበርሊን መንገድ ሜዳ ነው። የኒው ዮርክ ግን በትልልቅ ድልድዮች ላይ የሚወጣ የሚወርድ፣ ሲያበቃም ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ዳገት ያለው ነው። የሁለቱን ቀናት የርቀት መስመሮች አንዱን በሌላው ላይ ብንደርብ ከ42 ኪሎ ሜትር በኋላ በ15 ሰከንድ ብቻ ይለያያሉ። የድልድዮቹ ከፍታ በወረቀቱ ላይ የለም። ዳገቱ ሯጯን ካዘገማት መስመሩ ጥቂት ይተኛል፤ ዳገቱን የምናውቀው በዚህ ብቻ ነው። ካላዘገማት ግን ግራፉ ስለ ዳገቱ የሚነግረን አንዳች ነገር የለም።

የፍጥነት ግራፍ ሌላ ቋንቋ ነው፤ ከርቀት ግራፉ የተማርነውን ሳናስተካክል ወደዚህ ብናመጣው ያሳስተናል። እዚህ የተኛ መስመር መቆም አይደለም፤ በተመሳሳይ ፍጥነት መጓዝ ነው። መቆም ማለት መስመሩ ከታች ዜሮ ላይ ሲተኛ ነው። እዚህ የሚወርድ መስመር ወደ መነሻ መመለስ አይደለም፤ ፍጥነት መቀነስ ነው፣ መኪናው ግን አሁንም ወደፊት እየሄደ ነው። የሚኒባሳችን የፍጥነት ግራፍ 48 ላይ ለ20 ደቂቃ፣ ዜሮ ላይ ለ10 ደቂቃ፣ 36 ላይ ለ40 ደቂቃ የተኙ ሦስት መስመሮች ይሆናል።

ታዲያ 40 ኪሎ ሜትሩ የት ገባ? ከመስመሮቹ በታች ነው ያለው። የመጀመሪያው መስመር ከሥሩ አራት ማዕዘን ይሠራል፤ ቁመቱ 48፣ ወርዱ ሲሶ ሰዓት፣ ስፋቱ 16። የመጨረሻው ቁመቱ 36፣ ወርዱ ሁለት ሦስተኛ ሰዓት፣ ስፋቱ 24። ሲደመሩ 40። ከፍጥነት መስመር በታች ያለው ስፋት የተጓዝነው ርቀት ነው። ይህንን ሐሳብ በሥዕል ያስረዱት በ14ኛው መቶ ዘመን የኖሩት ፈረንሳዊው ኒኮል ኦሬም ናቸው፤ ጋሊሊዮ የመውደቅን ሕግ ሲያስረዱ ተመሳሳይ ሥዕል ተጠቅመዋል፣ መጽሐፋቸውም እ.ኤ.አ. በ1638 ታተመ። ያን ያህል በራቀ ዘመን አንድ መምህር የመስመርን ሥር ጉዞ ብሎ ማየቱ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ወደ ጣርማ በር እንመለስ፤ የዚህ ስፋት ጉዳይ የሰው ሕይወት የሚሆነው እዚያ ነው። በክረምት ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ መንገዱን ሲሸፍነው ከፊት ያለው መኪና መብራቱ ብቻ ይታያል። ሾፌሩ አንድ ነገር ድንገት ከፊቱ ቢያይ መኪናው ከመቆሙ በፊት ስንት ሜትር ይሄዳል? የፍጥነት ግራፉን እንሳል። ሾፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል እንበል፤ በዚያ ሰከንድ መኪናው በነበረበት ፍጥነት ይሄዳል፣ መስመሩም የተኛ ነው። ከዚያ ፍሬኑ ይይዛል፣ መስመሩ ዘንበል ብሎ እስከ ዜሮ ይወርዳል። ከሥሩ አንድ አራት ማዕዘንና አንድ ሦስት ማዕዘን ተሠሩ። የሁለቱ ስፋት ድምር መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ርቀት ነው።

መንገዱ እርጥብ ነውና ፍሬኑ በየሰከንዱ ከፍጥነቱ ላይ 2.5 ሜትር በሰከንድ ብቻ ይቀንሳል ብለን እንውሰድ። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 10 ሜትር፣ የሚሄድ መኪና ለመቆም 4 ሰከንድ ይፈጅበታል። አራት ማዕዘኑ 10 ሜትር፣ ሦስት ማዕዘኑ የ10 በ4 ግማሽ፣ 20 ሜትር፤ በጠቅላላው 30 ሜትር። አሁን ፍጥነቱን በሰዓት 72 እናድርገው፤ በሰከንድ 20 ሜትር። አራት ማዕዘኑ እጥፍ ሆኖ 20 ሜትር ይሆናል። ሦስት ማዕዘኑ ግን ቁመቱም እጥፍ ነው፣ ወርዱም እጥፍ ነው፤ ለመቆም 8 ሰከንድ ይፈልጋልና። የ20 በ8 ግማሽ 80 ሜትር ነው። በጠቅላላው 100 ሜትር።

ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ሦስት ማዕዘኑ በአራት እጥፍ አደገ። ብዙ ሾፌር ይህን በልምድ ያውቀዋል፤ ወጣቱ ሾፌር ግን “ፍጥነቴን እጥፍ ካደረግሁ የማቆሚያዬ ርቀት እጥፍ ይሆናል” ብሎ ያስባል፣ ይህ ሐሳቡም መንገድ ላይ ይገድላል። የሦስት ማዕዘኑን ሁለት ጎኖች አብረው ሲረዝሙ በዓይኑ ያየ ሰው ስሌቱን ቢረሳ እንኳ ቅርጹን አይረሳም። ይህን ግራፍ በየመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛው ሰሌዳ ላይ ተሥሎ ባየው እወድ ነበር።

ቁልቁለቱ ደግሞ የሦስት ማዕዘኑን መስመር ያለሳልሰዋል። መኪናው በራሱ ክብደት ወደ ታች ስለሚሳብ ያው ፍሬን ያነሰ ይቀንሳል፤ መስመሩ ዜሮ ላይ ለመድረስ ይዘገያል፣ ከሥሩ ያለው ስፋትም ይሰፋል። ረጅም ቁልቁለት በፍሬን ብቻ የሚወርድ መኪና ፍሬኑ ይግላል፣ የመያዝ ኃይሉም ይደክማል፤ የሾፌሮች ምክር በከባድ ማርሽ ውረዱ የሚለው ለዚህ ነው። ሞተሩ ፍጥነቱን ከመጀመሪያው ዝቅ አድርጎ ሲይዘው ፍሬኑ ሊሠራው የሚገባው ሦስት ማዕዘን ያንሳል።

በጉም ውስጥ የሚታየው 50 ሜትር ብቻ ነው እንበል። በዚያው እርጥብ መንገድ፣ በዚያው አንድ ሰከንድ፣ 50 ሜትር ውስጥ ሊቆም የሚችለው መኪና በሰዓት ከ48 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ የለበትም። ይህ ግን ከፊት ያለው ነገር የቆመ ከሆነ ነው። ከፊት የሚመጣው ከደሴ ተጭኖ ሽቅብ የሚወጣ ሲኖትራክ ሆኖ ሌላውን መኪና ቀድሞ በእኛ መስመር ከመጣ፣ 50 ሜትሩ ለሁለት መኪና ይካፈላል። ለእያንዳንዱ 25 ሜትር ይደርሰዋል፤ አራት ማዕዘኑና ሦስት ማዕዘኑ በ25 ሜትር ውስጥ እንዲገቡ ደግሞ የሁለቱም ፍጥነት በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር መብለጥ የለበትም።